«ጥቃቅን» ማነው?

ስም ያሳንሳል። ኅዳር 1990 ዓ.ም. ብሔራዊው ስትራቴጂ ሲወጣ፣ ካፒታሉ ከ20 ሺህ ብር የማይበልጥ ባለሙያ ሁሉ «ጥቃቅን» ተባለ። አማርኛችን ይህን ቃል ለነፍሳትና ለትቢያ ያስቀመጠው ይመስለኝ ነበር። ለነገሩ ባለ እጅን ማሳነስ የቆየ አመላችን ነው።

አንኮበርን እንይ። ኤክስፖርት የሚባል ቃል ሳይመጣ፣ ከተራራው ሥር አሊዩ አምባ ላይ የሐረርና የታጁራ ሲራራ ነጋዴ ይገናኝ ነበር (ባሪያም ይሸጥበት እንደነበር አልረሳሁም)። ኅዳር 1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ ካፒቴን ሀሪስ ጋር የንግድ ውል ተፈራርመዋል። ለዚያ አገር ማረሻ የቀጠቀጠው፣ ምጣድ የሠራችው ግን ያተረፉት «ቡዳ» መባልን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን አዋጅ አይሰማም።

ዛሬስ? ደብረ ብርሃን ላይ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ደግ ነገር ነው። ግን የስፌት ፓርኮቻችን በአብዛኛው የሚልኩት ከውጭ በመጣ ጨርቅ ላይ የተሰፋ ጉልበት ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሐዋሳ መውጣቱን አስታወቀ፤ በወሩ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። የዋሽንግተን ውሳኔ እዚህ ያለችውን ሰፊ እንጀራ አሳጣት።

የመንዝ በግ ፀጉር ግን ከዋሽንግተን ፈቃድ አይጠይቅም። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካም የተተከለው በግና ብርድ ባሉበት አገር ነው። ፋብሪካው ሳይታሰብ ባናና ዝተት የሚሠራው ሰው ነበረ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት እናት ዝተት ዘርግተው አገኘሁና፣

«እማማ፣ ይሄ እኮ ውጭ አገር ይፈለጋል» አልኳቸው።

«እኔን የሚፈልገኝ ብርድ ያስመረረው ነው፣ ልጄ። የውጭውን አንተ አምጣው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለባለሙያው ባዛርና የምስክር ወረቀት እንሰጠዋለን እንጂ ገዢ አናመጣለትም። እሱም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም፤ አንድ ሆቴል እኩል የሆነ 200 ዝተት ቢያዝ፣ የአንዱ ስፋት ከሌላው አይገጥም፣ በደንብ ያልታጠበው ፀጉር ይሸታል። ማጠቢያው፣ ማቅለሚያውና ልኩ በጋራ ካልሆነ አንድ ሸማኔ ብቻውን አይወጣውም። ብድሩ ደግሞ ለየብቻ ነው የሚታሰበው፤ ማጠቢያ ገንዳ የሚያበድር አላየሁም።

ዝተቷን ገዛኋት። ከቁመቴ ስንዝር ታንሳለች፤ ሌሊት እግሬን ይበርደኛል።