ከመጀመሪያው ጠጠር በፊት

የኢትዮጵያን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ የሚመለከት ሰው ዓይኑን ማቱ ላይ ብቻ ከጣለ የጥበቡን ግማሽ ያጣዋል። የጨዋታው ብርቱ ሥራ የሚሠራው ገና አንድም ጠጠር ሳይበላ፣ ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ክፍል ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ላይ፣ እያንዳንዱ በእጁ ፍጥነትና በልቡ ዕቅድ ልክ፣ ጠጠሮቹን ያሰልፋል። አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ሦስት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ የሚከስ አይኖርም። ይህ የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ይጫወታሉ። ዛሬ ዓለም የሚጫወተው ቼዝ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው። ሰባት ጥብጣብ ወደ ጎን፣ ሰባት ጥብጣብ ወደ ታች ይሰፋበትና 64 ቤት ይወጣዋል። ነጭና ጥቁር ቤት የሚባል የለም፤ ሁሉም አንድ መልክ ነው። በየወገኑ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋል። ንጉሡ ለባለቤቱ ከመሐል በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራ ይቆማል። ስለዚህ ንጉሥ ከንጉሥ ጋር አይተያይም፤ የእያንዳንዱ ንጉሥ ትይዩ የባላጋራው ፈርዝ ነው። ደር እንደ ዛሬው ቼዝ ሩክ፣ ፈረስም እንደ ዛሬው ፈረስ ይሄዳል። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መሐል ላይ ማንም ቢቆም አያግደውም። መደቅ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ አንድ አንድ ቤት ነው የሚገፋው።

ጨዋታው በአገራችን ሥሩ ጥልቅ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ ቬኔሳዊ ሠዓሊ በቤተ መንግሥታቸው አስቀምጠው ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ትግራይ ሲደርስ ራስ ወልደ ሥላሴ የዚህ ጨዋታ ወዳጅ ሆነው አግኝቷቸዋል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ሕጉን በመጽሐፉ አስፍሯል። በገና ደርዳሪዋ እቴጌ ጣይቱ ሰንጠረዥም ያውቁ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ ከጎናቸው የነበሩት እኚሁ ሰንጠረዥ አዋቂ ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ፣ የካ ላይ ቆሞ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚያይ ሰው ያንን ታሪክም ያያል።

ጥሩ የወረራ ተጫዋች በምን ይታወቃል? ሚዛኑን በመጠበቁ። አንዱን ጎን አጠንክሮ ሌላውን ባዶ አይተውም፤ ያለ ጠባቂ የሚቆም ጠጠርም አይኖረውም። ይህ ከእኛ ባህል ውጭ ባሉ ጨዋታዎችም የሚከበር ሙያ ነው። በካርታው ዓለም ብሪጅ የሚባለውን እንውሰድ። እያንዳንዱ ተጫዋች 13 ካርታ ይይዛል። ካርታዎቹ በአራቱ ዓይነት ተመጣጥነው ከተከፋፈሉ፣ ማለትም 4-3-3-3 ወይም 4-4-3-2 ወይም 5-3-3-2 ከሆኑ፣ ሚዛኑን የጠበቀ እጅ ይባላል። የትልልቆቹ ካርታዎች ዋጋ በጠቅላላው 40 ነጥብ ነው። በተለመደው አጫዋወት እንዲህ ያለ እጅና ከ15 እስከ 17 ነጥብ ያለው ከፋች “አንድ ኖ ትራምፕ” ይላል። በዚህች አንዲት ቃል የእጁን ቅርጽና ጉልበት ለጓደኛው አስረድቶ ይጨርሳል። የሰንጠረዡ ከፋች ግን ጓደኛ የለውም። ፊት ለፊቱ ያለው ባላጋራ ብቻ ስለሆነ፣ እሱም እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ስለሚያይ፣ የተመጣጠነው አሰላለፍ ምንም ሳይናገር ለሁሉም ዝግጁ መሆን አለበት።

አንድ አሰላለፍ በቅርብ እንይ። ከፋቹ በመጀመሪያ ከንጉሡ ፊት ያለውን መደቅ አንድ ቤት ይገፋል። ያ መደቅ ከግራና ከቀኝ ባሉት ሁለት መደቆች ተጠብቋል። መደቁ በለቀቀው ቤት ላይ፣ ልክ ከንጉሡ ፊት፣ ፈርዙን በሰያፍ ያወጣል፤ እሱን ደግሞ ራሱ ንጉሡ ይጠብቀዋል። ከዚያ በንጉሡ ቀኝ ያለው ፊል በፈርዙ ላይ ዘሎ ወደ ግራ ይሻገርና ከመደቆቹ ፊት በሦስተኛው ረድፍ ያርፋል። ያረፈበትን ቤት ፈርዙም የጎን መደቁም ይጠብቁታል። ሦስት እንቅስቃሴ ብቻ ነው የፈጀው፤ ከተንቀሳቀሱት ጠጠሮች ያለ ዘብ የቀረ የለም፤ ከሦስተኛው ረድፍ ያለፈም የለም። ባላጋራው ይህን አይቶ ከፋቹ በግራ ይምጣ በቀኝ ሊያውቅ አይችልም።

የፊሉ ዝላይ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ፊል ሁለት ሁለት እየዘለለ ስለሚሄድ ዕድሜውን ሙሉ ሊረግጥ የሚችለው ከ64ቱ ቤቶች ስምንቱን ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ አራት ፊሎች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ስምንት ቤት አለው፤ አንዱም በሌላው ቤት አይገባም። ስለዚህ ፊል ፊልን ሊበላ አይችልም። ጥሩ ተጫዋች እነዚህን ስምንት ቤቶች በቃሉ ይዟል። አሁን ያሰለፍነው ፊል ከቆመበት አንዴ ወደ ፊትና ወደ ቀኝ ቢዘል የባላጋራው ንጉሥ ከመነሻ ቤቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲወጣ የሚያርፍበትን ቤት ያጠምዳል። በመክፈቻው ሦስተኛ እንቅስቃሴ ላይ ለጨዋታው ማብቂያ ወጥመድ መዘርጋት ተጀምሯል ማለት ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው የፊሉን ዝላይ ከንቱ እንቅስቃሴ አይለውም።

ለምን ለፊል ይህን ያህል ይደከማል ቢሉ፣ መልሱ የሰንጠረዥ ክብር አሰጣጥ ውስጥ ነው። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ያሸንፋል እንጂ አያስመሰግንም። ጠንካራ ጠጠር ጠንካራ ሥራ ቢሠራ ምን ይደንቃል? በፊልና በፈርዝ የተደረገ ማት ግን ይደነቃል፤ በመደቅ የተደረገው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ባዶውን የቀረ ንጉሥም ማት አይደረግም። ባላጋራው ከንጉሡ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረው ያቺ ጠጠር አትበላም፤ ሰባት ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ማቱ መፈጸም አለበት። እንግዲህ ያገኘውን ሁሉ እየበላ የሚሄድ ተጫዋች በራሱ ላይ በር ይዘጋል። ባላጋራውን ማራቆት ድል አይደለም፤ ጥቂት ኃይል ትቶለት በደካማ ጠጠር መርታት ነው ሙያው። ይህንን ለማድረግ ደካሞቹ ጠጠሮች እስከ መጨረሻ በሕይወት መቆየት አለባቸው፤ የሚቆዩት ደግሞ በወረራ ጊዜ በደንብ ከተቀመጡ ነው።

ወረራውን ማን ያቆማል የሚለውም ራሱን የቻለ ፍርድ ነው። መጀመሪያ የበላ ሰው ተራውን ለባላጋራው ያስረክባል። ስለዚህ ያገኘውን መደቅ ከመንጠቁ በፊት በምላሹ ምን እንደሚያጣ ይቆጥራል። ፕላውደን እንደገለጸው ጎበዝ ተጫዋች በወረራ ጊዜ ዓይኑ ከባላጋራው እጅ አይነቀልም፤ ባላጋራው አሰላለፉን ሲለውጥ እሱም ያዘጋጀውን አፍርሶ እንደገና ያሰልፋል። ፈርዝና ፊል ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ ወደ ኋላ የማይሄደው መደቅ ብቻ ነው። የወረራ አዋቂ መደቁን የሚገፋው በቁጥብነት የሆነው ለዚህ ነው። እጁ ይፈጥናል፤ መደቁ ላይ ሲደርስ ግን ይዘገያል። ዙሪያውን የከበበው ተመልካች ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢመክረው እንኳ ሰምቶ የሚወስነው እሱ ነው።

ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰብስቦ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ሲያሳትም፣ ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በዓለም አቀፉ ቼዝ እየተተካ ከአደባባይ ርቆ ነበር። ሕጉ ግን በጽሑፍ አለ። ሰሌዳውም አንድ ክንድ ጨርቅና 14 ጥብጣብ ነው፤ ሾላ ገበያ ወርዶ ጨርቁን መግዛትና ለልብስ ሰፊ መስጠት ይበቃል። ቼዝ የሚያውቅ ልጅ የፈርዝና የፊልን አካሄድ ለመማር አንድ ከሰዓት አይፈጅበትም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚቻለውን ነው። በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ መምህራን ሰንጠረዥን ከወረራው ጋር ይማሩት፤ የየካ ትምህርት ቤቶች በቼዝ ክበቦቻቸው ውስጥ አንድ ቀይ ጨርቅ ይዘርጉ፤ ቅዳሜና እሑድ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡ ቤተሰቦችም ጠጠሮቹን በቅርጫታቸው ይያዙ። ልጆቻችሁን ስታስተምሩ ከማቱ አትጀምሩ። መጀመሪያ ንጉሡን በቀኝ፣ ፈርዙን በግራ ማስቀመጥን፣ ቀጥሎም ያለ ጠባቂ ጠጠር አለመተውን አስተምሯቸው፤ የቀረውን ጨዋታው ራሱ ያስተምራቸዋል።