ለጆሮ የሚመረጥ መጽሐፍ

መጽሐፍ መደብር ገብቼ የልጆች መጽሐፍ ስመርጥ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ሦስት ገጽ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳላነብ አልገዛም። በዓይን ሲያዩት ያማረ መጽሐፍ አርባ ልጆች ፊት ሲነበብ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ የሚያውቀው አፍ ነው።

መጀመሪያ የምፈልገው ጸሐፊው ለአንባቢው ማሰቡን ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ዝም ብሎ ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ጮክ ብሎ ለሚያነብ ግን ወጥመድ ነው። አንድ ጊዜ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች «ገና ሲደርስ» ብሎ የሚጀምር ገጽ ገጠመኝ። አላልቼ አነበብኩት፤ ልጁ ቤት እየደረሰ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ዶሮ ወጡና የገና ጨዋታው መጣ። ልጆቹም እኔም ግራ ገባን፤ ወደ ኋላ ተመልሼ አጥብቄ ስደግመው የታሪኩ ሙቀት በርዶ ነበር። «የገና በዓል ሲደርስ» ቢል ምን ነበረበት? «ዋና»ም፣ «አለ»ም እንዲሁ ናቸው። ጎበዝ ጸሐፊ የሚያሻማውን ቃል ገጽ መክፈቻ ላይ አያስቀምጥም፤ ፍንጩን ያስቀድማል።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን አያለሁ። ብዙ ሰው ለልጅ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ሁሉ አጭር መሆን አለበት ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። «ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ የሚኖረው፣ ትናንት የጎረቤታችንን በግ የበላው ጅብ መጣ» የሚለው ልጅን ያደክማል፤ ማን እንደመጣ ሳያውቅ ያን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቃልና። «ጅቡ ከጫካው ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አጥሩን ዘሎ፣ በሩ ላይ ደርሶ…» የሚለው ግን የፈለገውን ያህል ቢረዝም ጆሮ አይከብደውም። ጅቡ ከመጀመሪያው ታውቋል፤ እያንዳንዱ ቃል አንድ እርምጃ ነው። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ማድረጉ ለተራኪ ሀብት ነው። የተካነ አዘጋጅ ገጹን «ደርሶ» ላይ ይቆርጠዋል። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ገጹ ይገለጣል፤ «ዘጭ አለ!» ማሰሪያው ከነሥዕሉ እዚያው ገጽ ላይ ታትሞ ከሆነ መጽሐፉን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዘጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ የመሳሰሉትም በየገጹ አንድ ሁለት ይበቃሉ፤ ሲበዙ ጩኸት ይሆናሉ።

ንግግርም አለ። ተናጋሪው አስቀድሞ ካልታወቀ አንባቢው ድምፁን መለወጥ አይችልም። «ና ወደዚህ!» ብዬ በጅብ ድምፅ ካገሳሁ በኋላ «አለች ጦጣ» የሚል ቢመጣ ምን ላድርግ? የአገራችን ተራኪ «እመት ጦጢትም» ብሎ ይጀምራል፤ ልጁ ቀጥሎ የማን ድምፅ እንደሚመጣ ያውቃል። አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያየን ያደግን ሰዎች ድምፅ ምን እንደሚሠራ እናውቃለን። ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩት ተስፋዬ ሳህሉ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን በመድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። መጽሐፉ እንደ እሳቸው ላልሰለጠንነው ቦታውን ሊያመቻችልን ይገባል። ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል ደግሞ ልጆች ከእኛ ቀድመው ይሰማሉ። ተማሪው መምህሩን «አንተ» የሚል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከሌላ ቋንቋ በችኮላ የተመለሰ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያለች እህቴ በሁለት ቋንቋ የታተሙትን ለልጆቿ ትገዛለች። እንግሊዝኛውን በወረቀት ሸፍኚና አማርኛውን ብቻውን አንብቢው እላታለሁ፤ ብቻውን የሚቆም ከሆነ ግዢው።

ሥዕሉን ከክፍሉ ጀርባ ሆኜ ነው የማየው፤ ከመጨረሻው ወንበር ካልታየ ለክፍል አይሆንም።

በመጨረሻው ገጽ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚለውን አልወደውም። መጽሐፉን አልጥልም፤ ያንን ገጽ ግን አላነብም። አያ ጅቦ ተታልሎ ሲሄድ ልጆቹ የሚስቁት፣ የሚያዝኑለትም ገብቷቸው ነው። አንዳንዱ ልጅ ከሦስት ቀን በኋላ «ቲቸር፣ ጅቡ ግን እራቱን በላ?» ብሎ ይመጣል። ያንን ጥያቄ በፈተና መልክ ልቀማው አልፈልግም።

አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ትቼ እወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ፊደል ገና አጣርታ የማትለይ ልጅ ለጓደኛዋ ገልብጣ ይዛ «ስታነብላት» ሰማሁ። «ወንዙን ተሻግሮ፣ አጥሩን ዘሎ፣ በሩ ላይ ደርሶ…» አለችና ገጹን በጣቷ ይዛ ቆመች፤ የጓደኛዋን ፊት እያየች፣ ሳትገልጥ።