አምቦን ጠጥተናታል፤ አይተናታል?

የአምቦን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ከተማዋን ቆም ብሎ ያያት ግን ስንቱ ነው? ከአዲስ አበባ በሆለታና በጊንጪ አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱ። እኔ አፌን ይዤ ቀርቻለሁ! አንዲት ከተማ ይህን ሁሉ ለሀገር ሰጥታ እንዴት እንዲህ ጭምት ትሆናለች?

ውሃው ይቅደም። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ያለ አምቦ ውሃ ምን ይጥማል! እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ ይሸጣል፤ ያ ምላስ የሚቆነጥጥ ጋዝ ደግሞ ከምድር ሆድ ይዞት የወጣው ነው። የከተማን ስም ሩቅ የሚያደርሰው ንግድ ነው፦ በደቡብ ቻይና የምትገኘው ጓንግዡ ከ1757 እስከ 1842 በባሕር ለሚመጡ ምዕራባውያን ነጋዴዎች የተፈቀደች ብቸኛዋ የቻይና ወደብ ነበረች፤ ስሟን ሻይና ሐር የጫኑ መርከቦች በዓለም አዳረሱት። አምቦ ባሕር የላትም፤ መርከቧ ጠርሙስ ነው።

ድንጋዩስ! በአዲስ አበባ የስንቱን ቤት ግድግዳ ያስዋበው የአምቦ ድንጋይ ነው።

ደግሞ ሰው! ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ነው። ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወልዶ፣ ግዕዝ ቆጥሮ ያደገ የገጠር ልጅ ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ አናገራቸው፤ በ29 ዓመቱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። «የከርሞ ሰው»ን፣ «ሀሁ በስድስት ወር»ን የጻፈ እጅ ፊደል የቆጠረው በዚህ አፈር ላይ ነው። ይህን እያሰቡ በዚያ መንገድ መሄድ ልብ ያሞቃል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የወንዞቹ ነገር ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይወርድና ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከአምቦ እልፍ ብሎ ያለው ጉደር ግን ዓባይን ተቀላቅሎ እስከ ሜዲትራኒያን ይዘልቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ መኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል! የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው የደንዲ ሐይቅም በዚያው አካባቢ ከፍታ ላይ ነው።

ወደ ነቀምቴ የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ አምቦ ላይ ውረዱ። በከተማዋ ፍል ውሃ ዋኙ፤ ልጆቻችሁንም ጸጋዬ የተወለደበትን አገር አሳዩአቸው።