ሙቀጫውና ጭቃው

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ልስኑ የረገፈ ግንብ ሳይ እቆማለሁ። ሥራው የሚታየው ያኔ ነው። ድንጋዩ ሐሺ ይባላል፤ ኖራነት ያለው፣ ቀላል፣ ፊቱ ቀዳዳ የበዛበት። ትልቁና ትንሹ ተፈራርቀው ተቀምጠዋል። ክፍተቱ በስብርባሪ ተሸብልቋል። ከዚያ የተረፈውን ቦታ የያዘው ጭቃ ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ጭቃ፣ የቡናውን ሙቀጫና አዳፍኔውን ሦስቱንም ሞርታር ይላቸዋል። ሥሩ ላቲን ነው። ሞርታሪዩም የሚለው ቃል መውቀጫውንም፣ በውስጡ የሚቦካውንም ይጠራ ነበር። አዳፍኔው ስሙን ያገኘው ኋላ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ አፉ ሰፊ ሆኖ ሙቀጫ መሰለ። በ1859 ዓ.ም. ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ የተሠራው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም ከዚሁ ወገን ነው። አማርኛ ግን ለየሥራው የየራሱን ስም ሰጥቷል፤ ይህ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሙቀጫና ጭቃ በጠባያቸው ተቃራኒ ናቸው።

ሙቀጫ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል። ታቹ ወፍራም ነው፤ የዘነዘናውን ምት የሚቀበለው እሱ ነውና። ጎድጓዳው ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ፍሬው እየተንሸራተተ ዘነዘናው ወደሚያርፍበት ይመለሳል። እንጨቱ ከሚወቀጠው ካልጠነከረ ሥራ የለም።

የግንብ ጭቃ ደግሞ ከድንጋዩ ሊለሰልስ ይገባል። በአሚር ኑር ስም የሚታወቀው፣ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጀጎል አጥርም በሐሺና በጭቃ የቆመ ነው። ግንብ ይሰምጣል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ጭቃው አብሮት ጥቂት ይላወሳል፤ ስንጥቅ ሲመጣም በመጋጠሚያው ላይ ይወጣል እንጂ ድንጋዩን አይከፍልም። የገባው ዝናብ በዚያው መጋጠሚያ በኩል ይተናል። ከላይ የሚለሰነው ኖራም እንዲሁ ይተነፍሳል።

ሲሚንቶ ከሐሺ ይጠነክራል። መጋጠሚያው በሱ ሲደፈን ውሃው መውጫ ያጣና በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። እንዲህ በተጠገነ ግንብ ላይ ሲሚንቶው እንደ መረብ ውጭ ቀርቶ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ማየት ያሳዝናል።

የጭቃው ግንብ ሲናድ ግን ባለሙያው ድንጋዩን ያነሳል፣ የረገፈውን አፈር ይሰበስባል፣ ውሃ አክሎ ይለውሰዋል። ያው ድንጋይ በዚያው ጭቃ ተመልሶ ይቀመጣል።