የስደት ቅኔና በደጅ የቆመው ስደተኛ

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በዘመነ ጽጌ፥ ስለ እመቤታችን ስደት የማይቀኝ ባለቅኔ የለም። ምስጋናው መልካም፥ ሥርዓቱም ከአባቶች የወረደ ነው። ነገር ግን በዚህ ወራት በሚሰማው ቅኔ አንድ ጉድለት እየተገለጠ ስለ ሄደ፥ ይህን ለሊቃውንቱና ለከተማው ምሁራን ማሳሰብ ይገባናል።

ጉድለቱም ይህ ነው። በወራቱ ማሕሌተ ጽጌና ሰቆቃወ ድንግል አብረው ይዜማሉ። ማሕሌተ ጽጌ በአበባና በፍሬ ምሳሌ እመቤታችንንና ልጅዋን ያወድሳል። ሰቆቃወ ድንግል ግን ረኃቡን፥ ጥማቱን፥ የመንገዱን ድካምና የእናቲቱን ልቅሶ በየስሙ እየጠራ ይናገራል። ሁለቱ አንድነት መቆማቸው አበባው ያለ ልቅሶው ጌጥ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ይመስለናል። የዛሬው ባለቅኔ ግን አበባውን ቀጥፎ ልቅሶውን ትቶታል። ግብጽ በቅኔው ትጠራለች፤ የግብጽ መንገድ አቧራ ግን አይታይም።

ቅኔ ሰምና ወርቅ ነው። አንጥረኛ ወርቁን የሚያፈስሰው ሰሙ ባበጀለት ቅርጽ ነውና፥ ሰሙ የተበላሸ እንደ ሆነ ወርቁም ተጣምሞ ይወጣል። ስደትን ሰም አድርጎ የሚቀኝ ሰው ስደተኛን ካላየ፥ ሰሙን ከወዴት ያመጣዋል?

ማየት የሚወድም ሩቅ መሄድ አያሻውም። በፎገራ ሜዳ፥ በቁሐር ሚካኤል አካባቢ፥ ማሕሌተ ጽጌ በሚቆምበት ወራት ሩዙ ለአጨዳ መድረስ ይጀምራል። ሩዝ በደርግ ዘመን በዚህ አገር ከተለመደ ወዲህ፥ መሬት የጠበበው የደጋ ሰው ለዕለት ሥራ ወደ ሜዳው ይወርዳል። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦር መንገድ ጋር በሚገናኝባት በወረታ ከተማም ማጭዱን ይዞ ቀጣሪ ይጠብቃል። ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ተጨናንቆ ይተኛል፤ ኪራይ ያጣውም በበረንዳ ያድራል። አጨዳው ሲያልቅ አንዳንዱ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን የሚመለስበት ጥሪት ስለሌለው በከተማው ዳር ቀርቶ ተሸካሚ ይሆናል። የሜዳው ተወላጅም ከስደት አልዳነም። በ1998 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ርብና ጉማራ ሞልተው ባጥለቀለቁ ጊዜ፥ ብዙ የፎገራና የሊቦ ከምከም ባላገር ቤቱን ለውኃ ለቅቆ ወጥቷል።

የከተማ ግጥም ጸሐፊዎችም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። ባለቅኔው ስደተኛውን በአበባ ሲሸፍነው፥ እነርሱ በተግሣጽ ይሸፍኑታል፤ እርሻውን ጥሎ ከተማ የገባ ሰነፍ ነው ይሉታል። ጎሕ ሳይቀድ ማጭዱን ስሎ የሚቆመውን ሰው ሰነፍ ማለት፥ ግጥሙ ቤት ቢመታም ነገሩ ቤት አይመታም።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ይህ ቸልታ በቅኔ ቤት ሰው መገኘቱ ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ውሻ እያባረረው፥ በማያውቀው አገር ደጅ የእመቤታችንን ስም ጠርቶ ቁራሽ እየለመነ ያደገ ስደተኛ ነው። ጉባኤ ቃናውን የቈጠረው በባላገር እንጀራ ነው። ያ ባላገር ዛሬ ተራው ደርሶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢቆም፥ ከመወድሱ ስምንት ቤት አንድ ቤት እንኳ አያገኝምን?

ቅኔ ለምስጋና እንጂ ችግርን ለመቍጠር አልተሠራም የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 በተራበውና በእንግዳው ራሱን ገልጧልና፥ የስደተኛውን ኑሮ በእውነት መናገር ከምስጋና አያወጣም።

የስደቱ ወራት የሚፈጸመው ኅዳር 6 ቀን በቁስቋም በዓል፥ ስደተኞቹ ማረፊያ ባገኙበት መታሰቢያ ነው። ከዚያም ኅዳር 12 ቀን እስራኤልን በምድረ በዳ የመራው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ይከተላል። እንግዲህ በእነዚህ ቀኖች ለሚቀኝ ሁሉ ምክራችን አጭር ነው። በማኅሌት ከመቆሙ በፊት የቀን ሠራተኞች ወደሚቆሙበት ወደ ወረታ መንገድ ይውረድ፤ ሰሙንም ከዚያ ይዞ ይመለስ። ወርቁን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው።