የማይፈታው ጫፍና የሚፈታው ጫፍ

ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ከኪ ላርጎ ባሕር ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ «ስፒገል ግሮቭ» የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አሮጌ መርከብ 40 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተቀምጧል። ርዝመቱ 155 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓሣ መጠለያና የጠላቂዎች መጎብኛ እንዲሆን ሊያሰጥሙት ሲዘጋጁ ከታቀደለት ሰዓት ቀድሞ፣ ያውም ተገልብጦ ገባ። በኋላ በጎኑ አስተኙት፤ ቀጥ ያደረገው በ2005 የነፈሰው ዴኒስ የተባለ አውሎ ነፋስ ነው። ወሬው ሁሉ ስለዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ገመዱ ነው።

ቦታው ገልፍ ስትሪም ለተባለው ኃይለኛ የባሕር ጅረት ቅርብ ስለሆነ ውሃው የሚበረታበት ቀን ብዙ ነው። ጀልባዎች መልህቅ ከመጣል ይልቅ ከሰጠመው መርከብ ጋር በቋሚነት በታሰረና ላይኛው ጫፉ ተንሳፋፊ በተበጀለት ገመድ ይቆማሉ። ጠላቂውም ያንኑ ይዞ ይወርዳል፣ ያንኑ ይዞ ይወጣል። ሲወጣ በሰውነቱ የሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲለቀው 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ጅረቱ ከበረታ እንደ ባንዲራ አግድም ተዘርግቶ ነው የሚቆየው። በሰዓት አንድ የባሕር ማይል በሚጓዝ ውሃ ላይ ገመዱን የለቀቀ ሰው በደቂቃ 30 ሜትር ይርቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉተታው አራት እጥፍ ነው።

እንዲህ ያለ ጭነት የሚሸከም ገመድ ጫፉ አይቋጠርም። ቋጠሮ ገመዱን በጠባቡ ስለሚያጥፈው ጥንካሬው እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። በሦስት ፈትል የተገመደ ናይሎን ከሆነ፣ ባለሙያው ጫፉን ፈትቶ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ባለው ባለቦይ ብረት ዙሪያ ያዞረዋል። ከዚያ ሦስቱን ፈትሎች ተራ በተራ፣ በአንዱ ላይ አሳልፎ በሚቀጥለው ሥር እያሾለከ፣ ከጥምዙ በተቃራኒ አቅጣጫ መልሶ ከገመዱ ጋር ይጎነጉናቸዋል። ናይሎን ሙልጭልጭ ነውና ሦስት ዙር አይበቃውም፤ አምስትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሙጫ የለው፣ ሚስማር የለው፤ በተጎተተ ቁጥር ይብስ ይጠብቃል። በደንብ ሲሠራ ከገመዱ ጥንካሬ 90 በመቶ ያህሉ ሳይነካ ይቀራል።

እጅ ከእጅ የሚለየው መጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ነው። ጥድፊያ ያለበት ሰው ፈትሎቹን አንድ ቦታ ላይ ይቆርጣቸዋል። ወፍራሙ ድንገት ስለሚቀጥን ጭነቱ እዚያው ይከማቻል። የተካነው ግን በየዙሩ ከፈትሉ ጥቂት ጥቂት ክር እየቀነሰ ያሾለዋል፤ ጣት ሲያልፍበት ጉንጉኑ የት እንዳለቀ አይለይም። ሦስቱ ፈትሎችም እኩል የተወጠሩ ናቸው። አንዱ ከላላ ሸክሙ ለሁለቱ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ላየው ሰው ቶሎ ያስታውቃል።

የጀልባው በኩል ሥራው ሌላ ነው። ካፒቴኑ የራሱን ገመድ በተንሳፋፊው ቀለበት አሳልፎ ይመልስና ባለሁለት ቀንዱ ማሰሪያ ብረት ላይ ያስረዋል፦ በግርጌው አንድ ሙሉ ዙር፣ በቀንዶቹ ላይ የስምንት ቁጥር ቅርጽ፣ ከዚያ አንድ መቆለፊያ። በቃ። ጭነቱን የሚይዙት እነዚያ ዙሮች ናቸው፤ መቆለፊያ የሚደራርብ ሰው ፍርሃቱን ነው ያሰረው። ገመዱ ተወጥሮም ቢሆን ወዲያው መፈታት መቻል አለበት። አንድ ጠላቂ በጅረት ተወስዶ ከጀልባው ኋላ የተዘረጋውን ባለተንሳፋፊ ገመድ ከሳተ፣ ካፒቴኑ ሞተሩን አስነስቶ፣ አንዱን ጫፍ ለቆ ይከተለዋል። የጀልባው ገመድ ከቀለበቱ ሾልኮ ይወጣል፤ ሥር ያሉት ጠላቂዎች የያዙት ገመድ ግን ካለበት አይነቃነቅም።