ፈረሱን ማን ጠየቀው? ስለ ዛርና ስለ ጨሌ በተጻፉት ሥራዎች ውስጥ የቀረ አንድ ጥያቄ

በአገራችን ስለ ዛር የሚነገረው ነገር አብዛኛው ከአንድ ቃል ይጀምራል፤ ቃሉም «ፈረስ» ነው። ዛር የሚያድርበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። ጋላቢው ስም አለው፤ ጠባይ አለው፤ የሚወደው ልብስና የሚመርጠው የዶሮ ላባ አለው፤ አካል ግን የለውም። ያለ ሰው አፍ አይናገርም፤ ያለ ሰው ጕልበት አይፎክርም። ጨሌ ደግሞ ይህንኑ ነገር በዕቃ መልክ ያሳየናል። በዐይን ሲያዩት በክር የተሰካ ዶቃ ነው፤ በሚያምኑበት ዘንድ ግን ፈቃድ ያለው፣ ሲረሱት የሚቈጣ፣ ባለቤቱ ሲሞት ሌላ ተሸካሚ የሚሻ ነገር ነው። የዚህች አጭር ሐተታ ዓላማ እምነቱ እውነት ወይም ሐሰት ነው ብሎ ለመፍረድ አይደለም። ያለ ሰው መኖር የማይችል ነገር ሰውን ሲፈልግ፣ ሰውየው እምቢ ለማለት መብት አለውን? ስለ ዛር የጻፉት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ እንዴት እንዳለፉት ለማመልከት ነው።

ጥያቄው የመጣብኝ ከመጽሐፍ አይደለም። ሐዋሳ የተቈረቈረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ጣልያኖች ከአገራችን ከወጡ ወደ 20 ዓመት ያህል ቈይቶ መሆኑ ነው። እንዲህም ሁኖ ከሰፈሮቿ አንዱ በጣልያንኛ ቃል ፒያሳ ይባላል። ስሙ ከሌላ ከተማ በመጡ ሰዎች አፍ ተሳፍሮ የገባ ይመስለኛል። ሰው ሲፈልስ ግን ስም ብቻ ይዞ አይሄድም። ባለፈው ክረምት ከፒያሳ ጀርባ በሚገኝ አንድ ቤት አክስቴ ዐረፉ፤ ከሣጥናቸው ሥር በሙዳይ የተቀመጠ ጨሌ ተገኘ። በአርባቸው ማግሥት ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ከለቅሶው ወዲህ ራሷን ያማት ነበርና፣ አንዲት ባልቴት «አንቺ ልጅ፣ መርጦሽ እኮ ነው፤ እምቢ ካልሽ ቤቱን ሁሉ ያምሰዋል» አሏት። አንዱ አጎት «ሐይቅ ውስጥ ይጣል» አሉ፤ ሌላው «ለካህን ይሰጥ» አሉ። ልጅቱ «ለምን እኔን? ለምን ወንድሜን አልመረጠውም?» ብላ ጠየቀች። ወንድሟ ሱቅ ያለው፣ የቤቱም ገቢ በእጁ የሆነ ሰው ነው። መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም የተማርሁ ነህ ተብዬ አሳቤን ብጠየቅ፣ ሐይቅ ይጣል አልሁ።

ወደ ትምህርቴ ስመለስ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን ፈለግሁ። ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የጥናት ቡድን ጋራ በ1932 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጎንደር ገብቶ፣ መልካም አየሁ በሚባሉት የዛር ባለቤት ቤት ብዙ ቀን ውሎአል፤ አስተርጓሚውና የሥራ ባልደረባውም አባ ጀሮም ነበሩ። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ዛር ከቴያትር ጋራ ያለውን ዝምድና ይመረምራል። ባለዛሯ እያንዳንዱን ዛር እንደ ልብስ ታጠልቀዋለች፤ ግን ተዋናይ ብቻ አይደለችም፤ የምትጫወተውን ትኖረዋለች ይላል። አስተያየቱ ጥልቅ ነው፤ ጉሪውንና ፉከራውን በዐይኑ ያየ ሁሉ ይህን አይክድም። ነገር ግን ተዋናይ መጋረጃው ሲወርድ ልብሱን ሰቅሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዛር ፈረስ ግን ልብሱን የምትሰቅልበት ቦታ የላትም። ሌሪስ ለመሥዋዕት የሚቀርበውን ከብት ራሱ እስከ መግዛት ደርሶአል። እንግዲህ ተመልካቹም ጋላቢውን ከሚቀልቡት አንዱ ሆነ፤ ፈረሷ ግን መጋለብ ትፈልግ እንደ ሆነ የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ አልሆነም።

አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም በዚያው በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን በሕክምና ዐይን ተመለከተው። እንደ እርሱ አገላለጥ የዛር ማኅበር የሕመምተኞች የጋራ መታከሚያ ነው፤ ዛሩን ማባበልና መታረቅ እንጂ ጨርሶ ማስወጣት ዓላማው አይደለም፤ አባልነቱም የዕድሜ ልክ ነው። ብዙዎቹ አባላት ሴቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ጋራ በኅብረተሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ሰዎች አሉ። በቤቷ ቃሏ የማይሰማላት ሚስት በዛሩ አፍ ልብስና ጌጥ ትጠይቃለች፤ ባልም ይሰጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጋላቢው ፈረሱን እንደሚጠቀምበት ሁሉ ፈረሱም ጋላቢውን ይጠቀምበታል። ሜሲንግ ይህን በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ከራሱ ማስረጃ ሊወጣ የሚችለውን ፍርድ አላወጣም። ዛር ደካማውን የሚያክም ከሆነ፣ የሚመርጠውም ደካማውን ነው ማለት ነው። ሸክሙ የሚያርፈው እምቢ ለማለት ዐቅም ባነሰው ትከሻ ላይ ነው።

ይህን ነጥብ ከሌላ አገር በመጣ ልብ ወለድ ልናነጻጽረው እንችላለን። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1891 ባሳተመው «የጠርሙሱ ጋኔን» በተባለው ታሪክ፣ በጠርሙስ ውስጥ ያለ ጋኔን ለባለቤቱ የተመኘውን ይሰጠዋል። ነገር ግን ጠርሙሱን እንደ ያዘ የሞተ ሰው ገሃነም ይወርዳል፤ ጠርሙሱም የሚሸጠው ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንዱ መዳን የሌላው መጥፊያ ይሆናል። ስቲቨንሰን ከባለዛር ጽሑፎቻችን ይልቅ ጥያቄውን በግልጥ አቁሞታል፤ ኃጢአቱ ጠርሙሱን መያዝ ብቻ ሳይሆን ማስተላለፍም መሆኑን ያሳያል። መጨረሻው ላይ ግን ሸሸ። ባልና ሚስቱ የሚድኑት፣ «እኔ እንደ ሆንሁ ገሃነም መውረዴ አይቀርም» የሚል አንድ ሰካራም መርከበኛ ጠርሙሱን ስለ ወሰደላቸው ነው። አንባቢ ደስ ይለዋል፤ ለመርከበኛው የሚያዝን ግን ጥቂት ነው። እዚህም ሸክሙ ያረፈው ነፍሱ ርካሽ በተባለው ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። «ዛሩ መረጣት»፣ «ጨሌው ፈለጋት» የሚለው አነጋገር መራጩን ሰው ይሸፍነዋል። ዶቃው ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ በዚያ ቤት ጣቱን ወደ ልጅቱ የቀሰረው ሰው ነበር፤ ወንድምየውን ያለፈውም ሰው ነበር። ይህን ስል ግን ሁሉን ጨሌ በአንድ ዐይን ማየት አይገባም። በኦሮሞ እናቶች ዘንድ በአቴቴ ሥርዐት የሚጠለቀው ጨሌ የሴቶች ክብርና የኅብረታቸው ምልክት ነው፤ ወዳ የምታጠልቀውን ሴት ተጭነሽ ነው ማለት ስድብ ይሆናል። የምነቅፈው ዶቃውን ሳይሆን ሳይጠይቁ ማሸከምን ነው። ከዛሩ ጋራ ራሷ የተዋዋለች ሴት ዋጋውን ታውቀዋለች፤ ትርፉንም ታገኛለች። ውርስ ግን እናት የተዋዋለችውን ልጅ እንድትከፍል የሚያደርግ ዕዳ ነው።

በዚህ መለኪያ የራሴም ምክር ወድቆ አገኘሁት። ሐይቅ ይጣል ያልሁት እኔ ስለማላምንበት ነበር። ለሚያምኑት ግን ሐይቅ መጣል ማለት በማግሥቱ መረቡን ለሚስበው፣ ዓሣውንም ወደ አሞራ ገደል ለሚያመጣው ለማናውቀው አስጋሪ ማስተላለፍ ማለት ነው። ከዚያም ይልቅ፣ እኔም እንደ ሌሎቹ ልጅቱን ሳልጠይቅ በስሟ ቈረጥሁ። በመጨረሻው ነገሩን የጨረሰችው እርሷ ናት። «እናቴ የወደደችው ነውና አልጥለውም፤ ለማንም አልሰጥም፤ ቡና ግን አላፈላለትም» ብላ ሙዳዩን ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ባልቴቷ አዘኑ፤ አጎቶቿም አልተደሰቱም። እኔ ግን ካነበብሁት ሁሉ ይህን የመሰለ መልስ አላገኘሁም፤ ሳትጠላው አልተሸከመችውም፤ በሌላም ላይ አልጫነችውም።

ባልደረቦቼ ለጥናት ወደ ዛር ቤት ስትገቡ የዛሩን ስም፣ የዶሮውን ቀለምና የፉከራውን ቃል መመዝገባችሁ ይገባል። ከዚያ ጋራ አንድ ዐምድ ጨምሩልን፤ እሺ ካለችው ጐን፣ ተጠይቃ እምቢ ያለችው ማን እንደ ነበረች፣ ከእምቢታዋም በኋላ ምን እንደ ገጠማት ይጻፍ። እስካሁን የተጻፈው ታሪክ የጋላቢው ነው፤ የፈረሱ ገና አልተጻፈም።